ለመረቡ መኪና ተገኘ፣ ለዓሣው ግን ጠፋ

ይድረስ የጣናን ዓሣ እንዲጠብቁ ኃላፊነት ለተሰጠዎት፣
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገብተው ቀሩ። በአደባባይ የምጽፍልዎት ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው።

ያለፈው ጳጉሜን፣ ዓርብ ማታ፣ እኔና አራት ጓደኞቼ የጉማራ ወንዝ ጣና የሚገባበት አፍ ላይ ነበርን። እኛ በመንጠቆ ነው የምናጠምደው። ከነሐሴ ጀምሮ ግን መንጠቆውን ሰብስበን ወንዙን እንጠብቃለን። ያን ቀን ስንደርስ መረብ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሯል። አንድ ዓሣ የምታልፍበት ቀዳዳ አልተተወም። መረቡ ላይ እኛ ነጭ ዓሣ የምንለው ዓሣ እላይ በላይ ተጠላልፏል። ሆዳቸው ተወጥሯል። ገና ሲነኳቸው እንቁላሉ እጅ ላይ ይፈሳል። ብዙዎቹ ሞተዋል።

ወደ መሥሪያ ቤትዎ ደወልን። «መኪና የለም፣ ነዳጅም አልተፈቀደም፤ ሰኞ በጽሑፍ አምጡ» ተባልን። ዓሣዋ እስከ ሰኞ የት ትቆይ? ስለዚህ ራሳችን ውሃ ገባን። በሕይወት ያሉትን አንድ በአንድ ፈትተን ለቀቅን። መረቡን ጠቅልለን ሌሊቱን ተሸክመነው ሄድን፤ ጠዋት ለቀበሌ አስረከብን።

በማግስቱ የመረቡ ባለቤት «ንብረቴን ዘረፉኝ» ብሎ ከሰሰን። ለዚህ መኪና ተገኘ። ነዳጅም ተገኘ። እኔና አንድ ጓደኛዬ ጣቢያ አደርን። መረቡ ለሰውየው ተመለሰለት። ሳምንት ሳይሞላ ያው መረብ እዚያው ቦታ ተወጥሮ አየነው። እስካሁን ሲያንገበግበኝ አለ።

ሕግ የለም እንዳልል አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል። ክልሉም የራሱ አዋጅ አለው። እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። የጠፋው ወንዙ አፍ ድረስ የሚሄድ ሰው ነው።

ነጭ ዓሣ እንደሌላው ዓሣ አይደለም። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለ ዓሣ ያን ገደል ወጥቶ ጣና መድረስ አይችልም። የጣናው ለብቻው ቀርቶ፣ በብዙ ዘመን ተለያይቶ፣ ከ15 የማያንስ ዝርያ ሆኗል። አብዛኛው በዓለም ላይ ሌላ የትም የለም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለበት፣ ጥርት ብሎ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ነው። በዓመት አንዴ፣ ለጥቂት ወራት ብቻ። ቀረሶ የሚባለው ሌላው የጣና ዓሣ ሐይቁ ውስጥ ይራባል። እነዚህ ግን ወንዙ ከተዘጋባቸው ሌላ ቦታ የላቸውም።

ተመራማሪዎች ቆጥረውታል። በፈረንጆች ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብቻ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች መጠን በ75 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ያ ቀጭን የናይለን መረብ መጣ። ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ጫጩቷን ሳይቀር ይይዛል። ከወንዙ ላይኛው በኩል ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ የሚበትኑ አሉ። እንቁላል የሚጣልበት አሸዋና ጠጠርም በገልባጭ መኪና እየተጫነ ይሄዳል። ይህንንም በሁለተኛው ማመልከቻዬ ከነፎቶው አያይዤ ነበር።

አባቴ በደንገል ታንኳ ነበር የሚያጠምደው። ማንበብ አይችልም ነበር። ነሐሴ ሲገባ ግን ወንዝ አፍ ላይ ድርሽ አይልም። «እርጉዝ ናት፣ ትለፍ» ይለን ነበር።

መረብ የሚጥሉት ልጆች ጠላቶቼ አይደሉም። የሰፈሬ ልጆች ናቸው፤ ሥራ አጥተው ነው። እናታቸውን የሚጦሩ አሉ። ሐይቁ ሰፊ ነው። ለእነዚያ ወራት ብቻ ከወንዙ አፍ ራቅ ብለው ቢያጠምዱ ጾማቸውን አያድሩም። ግን ማን ነገራቸው? እኛ ስንነግራቸው «እናንተ ማን ናችሁ?» ይሉናል። ልክ ናቸው። መታወቂያም ደብዳቤም የለንም።

የምንለምንዎት ብዙ አይደለም። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የአራቱ ወንዞች አፍ ከመረብ ነጻ ይሁን። ወንዙን ለሚጠብቁት ሰዎች እውቅና የሚሰጥ አንድ ደብዳቤ ማኅተም ተደርጎበት ይሰጠን፤ ዳግም እንደ ሌባ እንዳንያዝ። አበል አንጠይቅም።

ነሐሴ 1 ቀን፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ጉማራ ድልድይ ላይ እንጠብቅዎታለን። የነዳጁን ገንዘብ ከአሁኑ እያዋጣን ነው። ጀልባም አዘጋጅተናል። እርስዎ ብቻ ይምጡ።

ከጣና ዳር፣
አንድ ዓሣ አጥማጅ