«ከግቢ ውጭ የሆነ ነገር አይመለከተንም»

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ተማሪዎች በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ እርስ በርሳቸው ሲሸማቀቁ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት የተለመደ መልስ ተገቢ ሆኖ ስላላገኘሁት፣ በቤቴ የደረሰውን መነሻ አድርጌ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተነሥቻለሁ።

የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጥታ ግጥም ስታነብ መሀል ላይ ቃሉ ጠፋባት። አፏን እንደከፈተች፣ ዐይኗን ጨፍና ለጥቂት ሰከንድ ቆመች፤ ከዚያ ቀጥላ ጨረሰች፣ ተጨበጨበላትም። ትምህርት ቤቱም የዕለቱን ቪዲዮ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ለቀቀው። ሳምንት ሳይሞላ ከክፍሏ ልጆች አንዱ ያችን ቅጽበት ቆርጦ ስቲከር አደረጋት፤ ከሥሯም «ኔትወርክ የለም» ብሎ ጻፈባት። ከዚያ ወዲያ በክፍሉ ግሩፕ ውስጥ መምህሩ የሒሳብ ወርክሺት ሲልክ መልሱ የልጄ ፊት ሆነ፤ አንዱ ተማሪ ጥያቄው አልገባኝም ሲልም መልሱ ያው የልጄ ፊት ነው።

ልጄ የራሷ ስልክ ስለሌላት ግሩፑ ያለው በእኔ ስልክ ላይ ነው። እያፈርኩም ቢሆን ልናገረውና፣ ስቲከሩን መጀመሪያ ያየሁት ዕለት እኔም ስቄአለሁ፤ ጓደኞቿ ቢወዷት ነው ብዬ ጠርቼ አሳየኋት። ፈገግ ብላ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ማለት ስታበዛ እናቷ አስቀምጣ ብትጠይቃት «ሙድ እየያዙብኝ ነው» አለች፤ መምህር የሌለበት ሌላ ግሩፕ እንዳለና እዚያ የሚባለው ከዚህ የከፋ እንደሆነም ያን ጊዜ ነው የሰማነው። ለምን ቀድማ እንዳልነገረችን ስንጠይቃት «ስልኩን እንዳትከለክሉኝ ብዬ» አለችን። የቤት ሥራዋ የሚመጣው በዚያው ስልክ ነውና ፍርሃቷ ያለ ምክንያት አልነበረም።

አቤት ለማለት ወደ ትምህርት ቤቱ ስሄድ የጠበቀኝ መልስ «ስልክ በግቢያችን ክልክል ነው፤ ከግቢ ውጭ የሆነ ነገር አይመለከተንም» የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ቪዲዮውን የቀረጸው የትምህርት ቤቱ ካሜራ ነው፤ ያሰራጨው የትምህርት ቤቱ ቻናል ነው፤ ግሩፑን የከፈተው የክፍሉ ኃላፊ መምህር ነው፤ የሚስቁትም የምትሳቅባትም በአንድ ክፍል፣ አንዳንዶቹም በአንድ ዴስክ የሚቀመጡ ልጆች ናቸው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ ቴሌግራምን መማሪያ ያደረጉት ራሳቸው ትምህርት ቤቶች መሆናቸውን ወላጅ ሁሉ ያስታውሳል፤ የትምህርት ቤቱ በር ተመልሶ ሲከፈትም ግሩፖቹ አልተዘጉም። ዘበኛው ቦርሳ የሚፈትሽበት በር የግቢው መጨረሻ መሆኑ የቀረው ያኔ ይመስለኛል።

ሕግ ይዳኘው ያሉኝ ወላጆችም ነበሩ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ስለ ሌላ ሰው በኮምፒውተር ሥርዓት በተደጋጋሚ መልእክት እየላከ ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና የሚያደርስን ሰው እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ነገሩ ሲከብድም እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ስቲከሩን የሠራው ልጅ ግን ገና 13 ዓመቱ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ለአዋቂ በተደነገገው ቅጣት እንዳይቀጡ፣ ከአዋቂ ጥፋተኞችም ጋር እንዳይታሰሩ ይከለክላል፤ ደግ አድርጎ ነው የከለከለው። ልጁን ፖሊስ ጣቢያ ማየት አልፈልግም። እንዲህ ሲሆን ጉዳዩ ዞሮ የሚመጣው ወደ ወላጅና ወደ መምህር ነው።

ጥቂት ከተጨቃጨቅን በኋላ ዩኒት ሊደሩ ያቀረቡልኝ መፍትሔ ጥፋተኞቹን ጠዋት ሰልፍ ላይ አውጥቶ በተማሪው ሁሉ ፊት ማሳፈር ነበር። አልተቀበልኩም። ልጅን በሕዝብ ፊት አቁሞ መሳቂያ ማድረግማ ስቲከሩ የሠራው ሥራ ነው። ዝቅተኛ ውጤት ያመጣን ተማሪ ስም ጠርቶ በክፍል ፊት ማንበብ፣ እንግዳ ቤት ሲመጣ የልጅን ስንፍና እንደ ጨዋታ ማውራት የለመድን እኛ አዋቂዎች፣ ልጆቹ ይህን ከስልክ ተማሩት ስንል ትንሽ ልናፍር ይገባናል።

የትምህርት ቤቱ የሥነ ምግባር ደንብ ስለ ፀጉር አቆራረጥና ስለ ዩኒፎርም አንድ ገጽ ሙሉ ሲዘረዝር፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ስልክ ይዞ መግባት እንደማይፈቀድ የሚናገር አንድ መስመር ብቻ ነው። የተሸማቀቀ ልጅ ለየትኛው መምህር እንደሚናገር፣ በመናገሩም ስልኩ እንደማይወሰድበት፣ መልእክቱ ከመጥፋቱ በፊት ስክሪንሾት ተደርጎ እንዲያዝ፣ የሁለቱም ወገን ወላጆች ተጠርተው ነገሩ በዝግ እንዲታይ በደንቡ ውስጥ ይጻፍ። የልጆች ቪዲዮ ቻናል ላይ ከመውጣቱ በፊትም ወላጅ ይጠየቅ። ይህን ተነጋግሮ ለመጨረስ ለወላጅ፣ ለተማሪና ለመምህራን ኅብረት አንድ ስብሰባ ይበቃዋል፤ ስለ ክፍያ ጭማሪ ስንሰበሰብ እንደምናመሸው ማምሸት እንኳ አያሻም።

በእኛ በኩል የልጁ እናት ዘንድ ደውዬ በትሕትና ተነጋግረናል፤ ልጁም ስቲከሩን አጥፍቶ፣ ከእናቱ ጋር ቤታችን ድረስ መጥቶ ልጄን ይቅርታ ጠይቋታል። ቪዲዮው ግን እንዲነሣ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ፣ ይህን ደብዳቤ እስከጻፍኩበት ዕለት ድረስ ከትምህርት ቤቱ ቻናል ላይ አልወረደም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ