ፋየርዎሉን ከማጥፋታችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን «ኢንተርኔቱ አለ፣ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እምቢ አለ» የሚል ስልክ በዝቶብናል። ስንመጣ ደግሞ አንዳንድ ቢሮ ፋየርዎሉ፣ ኮምፒውተሩን ከውጭ ከሚመጣ ያልተፈለገ ግንኙነት የሚጠብቀው ፕሮግራም፣ ጭራሹን ጠፍቶ እናገኛለን። እባካችሁ አታጥፉት። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው።

ራውተር ለአንድ ኮምፒውተር መረጃ ለማድረስ አይፒውን፣ ማለትም እንደ 192.168.1.20 ያለውን የኔትወርክ ቁጥሩን፣ ማወቁ አይበቃውም፤ የኔትወርክ ካርዱን ማክ አድራሻ፣ ያንን 12 ፊደልና አሃዝ ያለውን መለያ ማግኘት አለበት። ስለዚህ በመስመሩ ላይ ላሉት ሁሉ «192.168.1.20 የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ «የኔ ነው» ብሎ ማኩን ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩም ራውተሩን ሲፈልግ እንደዚሁ ነው። ይህ ጥያቄና መልስ ኤአርፒ ይባላል፤ መልሱም ለጊዜው ሰንጠረዥ ላይ ይያዛል።

የዊንዶውስ ፋየርዎል ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ፒንግን («አለህ ወይ?» የሚል የሙከራ መልእክት) አይመልስም፤ ኤአርፒን ግን አይነካም። ስለዚህ ፒንግ አልመለሰም ማለት ኮምፒውተሩ ከመስመር ወጥቷል ማለት አይደለም። ማኩ ራውተሩ ሰንጠረዥ ላይ ከታየ ማሽኑ አለ፣ ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር፤ ዝም ያለው ፋየርዎሉ ሥራውን እየሠራ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ማኩም ከሌለ ያኔ ኬብሉን፣ ስዊቹን (ኬብሎቹ የሚሰኩበትን ማከፋፈያ)፣ ዋይፋዩን እንጠርጥር።

በቅርቡ አንድ ሒሳብ ቢሮ ራውተር ቀየርን። ሁሉም ወዲያው ሠሩ፤ የገንዘብ ያዧ ኮምፒውተር ብቻ አልገባም። ኬብል ቀየርን፣ የስዊቹን ቀዳዳ ቀየርን፣ ግማሽ ቀን ሄደ። የዚያን ኮምፒውተር ሰንጠረዥ ስንከፍተው የራውተሩ አይፒ ትክክል ነው፤ ጎኑ ያለው ማክ ግን አዲሱ ራውተር ጀርባ ላይ ከተለጠፈው ጋር አይገጥምም። ካርቶን ውስጥ የከተትነውን አሮጌውን አውጥተን ብናየው፣ የእሱ ነበር! የጸረ ቫይረሱ ፕሮግራም «የኤአርፒ ጥበቃ» የሚለው ክፍል የድሮውን አድራሻ ቆልፎ ይዞታል። እሱን አስለቅቀን አዲሱን ስናስይዘው ወዲያው ገባ፤ ፋየርዎሉ አልተነካም። ግማሽ ቀን ሥራ ስላስፈታናቸው ከልብ አዝነናል። ከዚያ ወዲህ ራውተር ቀይረን የእያንዳንዱን ኮምፒውተር ሰንጠረዥ ሳናይ አንወጣም።

እናንተም ልታዩት ትችላላችሁ። ሲኤምዲን (የዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ከፍታችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤአርፒ፣ ከዚያ ክፍተት ትታችሁ ሰረዝና ኤ አያይዛችሁ ጻፉ (arp -a)፣ ኢንተርንም ተጫኑ። የራውተራችሁን አይፒ ፈልጉ፣ ብዙ ቢሮ 192.168.1.1 ነው፤ ማኩን ራውተሩ ላይ ከተለጠፈው ጋር አስተያዩ። የመጨረሻዎቹ አሃዞች በጥቂቱ ቢለያዩ አይክፋችሁ፤ አንድ ራውተር ከአንድ በላይ ማክ ሊኖረው ይችላል። ጭራሽ ካልተመሳሰለ፣ ወይም መጨረሻው ላይ «ስታቲክ» (static፣ የማይቀየር ማለት ነው) የሚል ካለ፣ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። በ224 የሚጀምሩት መስመሮች ሁልጊዜ ስታቲክ ስለሆኑ አያስደንግጧችሁ።

የራውተሩ ማክ ባያችሁት ቁጥር የሚቀያየር ከሆነ ግን ሁለት ዕቃ አንድ አይፒ እየተሻሙ ነው። አንድ ሰው ከቤቱ ያመጣውን የዋይፋይ ራውተር ሰክቶ ይሆናል፤ ሆን ብሎ መስመራችሁን የሚጠልፍም ሊሆን ይችላል። ይህን ሳታሳድሩ ንገሩን።

ስትደውሉልን የዚያን መስኮት ፎቶ በቴሌግራም ላኩልን። ግማሹን መልስ ሳንመጣ እናገኘዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኔትወርክ ጥገና ክፍል