ደሙ መቼ ተቀዳ?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ጤና ተቋማት የመሣሪያ እጥረት በጋዜጣችሁ የሚወጡ ጽሑፎችን በጥሞና እከታተላለሁ። በሐዋሳ ከተማ በላቦራቶሪ ሙያ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሠራሁ እንደመሆኔ የጽሑፎቹን መነሻ አልቃወምም፤ መሣሪያ በሌለበት ምርመራ የለም። ሆኖም ነገሩ ሁልጊዜ ከማሽን ተነሥቶ በማሽን ስለሚያበቃ፣ ደሙ ማሽኑ ዘንድ እስኪደርስ ስለሚያልፍበት መንገድ ጥቂት እንድል እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።

በአገራችን «ፓቶሎጂ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ከእብጠት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታየውን ናሙና ነው። ኬሚካል ፓቶሎጂ ግን በደምና በሽንት ውስጥ ያለውን ስኳር፣ ክሬቲኒን (ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ)፣ ፖታሲየም፣ ሆርሞንና የመሳሰለውን ለክቶ፣ የተገኘው ቁጥር ስለ ታካሚው ምን እንደሚናገር የሚመረምር የሕክምና ዘርፍ ነው። እኛ በዕለት ንግግራችን «ኬሚስትሪ» ብለን ልኬቱን ብቻ ስላስቀረን፣ ቁጥሩን ከታካሚው ጋር የሚያገናኘው ግማሹ ሥራ ባለቤት አጥቶ ቀርቷል።

ይህን በደንብ የተረዳሁት በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጠዋት፣ ከሐዋሳ ወጣ ካለች ከተማ ከሚገኝ ጤና ጣቢያ የአንዲት የደም ግፊት ታካሚ እናት ናሙና መጣ። ያመጣው ልጅ እስከ መናኸሪያ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ የደረሰ ሲሆን፣ ቱቦዎቹን በረዶ በተሞላ የክትባት መያዣ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ሣጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፎት ነበር። ጥንቃቄው ደስ ብሎኝ አመሰገንኩት። ደሙን ሴሎቹን ከፈሳሹ በሚለየው ማሽከርከሪያ፣ በሴንትሪፊውጅ፣ ሳሽከረክረው ከላይ የቀረው ፈሳሽ፣ ማለትም ሴረሙ፣ እንደ ብርዝ ቢጫ ሆኖ የጠራ ነበር፤ ቅላት የሚባል አልነበረበትም። የማሽኑ ትክክለኛነት የሚፈተንበት የዕለቱ ኮንትሮል ከማለዳው አልፏል። ማሽኑ ግን ፖታሲየሙን 7.2 አለው። ጤናማው መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ ነውና 7.2 ልብን ሊያቆም የሚችል ቁጥር ነው። ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ፈርሜ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያው ደወልኩ።

የጤና መኮንኑ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ፣ እኚህ እናት እኮ እዚህ በር ላይ ቁጭ ብለው ቆሎ እየበሉ ነው» አለኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ደሙ መቼ ተቀዳ? በዋዜማው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀድቶ፣ ጤና ጣቢያው ሴንትሪፊውጅ ስለሌለው ሳይለይ በማቀዝቀዣ አድሮ ኖሯል። እናትየው በዚያው ቀን ከነድንጋጤያቸው ሐዋሳ ድረስ መጡ፤ ደማቸው ተቀድቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲሠራ 4.3 ሆነ።

ቀይ የደም ሴል በውስጡ የያዘው ፖታሲየም በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ይህን ልዩነት ጠብቆ የሚያቆየው በሴሉ ሽፋን ላይ ያለ፣ ጉልበት የሚፈልግ ፓምፕ ነው፤ ብርድ ፓምፑን ሲያዳክመው ፖታሲየሙ ሴሉ ሳይፈርስ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይወጣል። ሴሉ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ሴረሙ ቀልቶ ባሳበቀ ነበር። ልጁ በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ ታቅፎ ያመጣው በረዶ ነው እንግዲህ ያሳሳተን። ማሽኑ በቱቦው ውስጥ ያለውን በትክክል ለክቷል፤ በቱቦው ውስጥ የነበረው ግን የእናትየው ፖታሲየም አልነበረም። ያ የጤና መኮንን ታካሚውን ትቶ ወረቀቱን አምኖ ፖታሲየም የሚያወርድ መድኃኒት ጀምሮ ቢሆን ምን ይከተል እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል።

በስኳር ምርመራ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሴሎቹ ከተቀዱ በኋላም በሕይወት ስላሉ ስኳሩን ይበሉታል፤ በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ደም በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ስኳሩን ያጣል። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲደርስ ወደ ስኳር በሽታ ያመለክታል፤ እንግዲህ ስኳሩ 130 የነበረ ሰው ደሙ ሦስት ሰዓት ከቆየ 110 እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ «ደህና ነህ» ተብሎም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን ለመቀነስ ነው ግራጫ ክዳን ባለው ቱቦ ውስጥ ፍሎራይድ የሚጨመረው። በስምጥ ሸለቆ ውኃችን ውስጥ የልጆቻችንን ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ እዚህ ጋ መጠቀሙ ያስገርመኛል። ሆኖም እርሱም ሥራውን የሚጀምረው ዘግየት ብሎ ስለሆነ ቶሎ መለየትን አይተካም።

ልኬቱ ራሱም ቢሆን ከታካሚው ሁኔታ ተነጥሎ አይነበብም። ብዙ ማሽኖች ክሬቲኒንን የሚለኩት ማክስ ያፌ የተባለ ጀርመናዊ በ1886 እ.ኤ.አ. በገለጸው የፒክሪክ አሲድ ቀለም ነው። ይህ ዘዴ ኪቶንንም (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠረውን ንጥረ ነገር) እንደ ክሬቲኒን ሊቆጥር ስለሚችል፣ ስኳሩ እጅግ ወጥቶ ኪቶን የተጠራቀመበት ታካሚ ኩላሊቱ ከሆነው በላይ የተጎዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። ላቦራቶሪው ይህን ሊያስጠነቅቅ የሚችለው የታካሚውን ሁኔታ ካወቀ ነው። በየጊዜው የሚደርሱኝ የምርመራ መጠየቂያ ቅጾች ግን ስምና ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥርና ምልክት የሚደረግባቸው ሣጥኖች አሏቸው እንጂ የበሽታው ግምት የሚጻፍበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት መስመር ደግሞ ወይ የለም ወይ አይሞላም።

ይህን የምለው ሐኪሞችን ለመውቀስ አይደለም። መቶ ታካሚ ደጁ ላይ የተሰለፈበት ሐኪም ቅጽ ባይሞላ አልፈርድበትም፤ እኛም ናሙናውን በመስኮት ተቀብለን ውጤቱን በመስኮት ከመስጠት በቀር ስልክ ማንሳት አልለመድንም። የላቦራቶሪ ስሕተት ከግማሽ የሚበልጠው ናሙናው ማሽን ከመግባቱ በፊት እንደሚፈጠር በሙያው የታወቀ ነው፤ የሕክምና ላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፍ መስፈርት የሆነው አይኤስኦ 15189ም ከምርመራ በፊት ላለው ሂደት ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶታል። በጀት ሲመደብ ግን ሪባን የሚቆረጥለት ትልቁ ማሽን ይቀድማል።

ስለዚህ የጤና ቢሮዎችና የሆስፒታል ኃላፊዎች ቀጣዩን ማሽን ከማዘዛቸው በፊት፣ ናሙና ለሚልክ ጤና ጣቢያ ሁሉ አነስተኛ ሴንትሪፊውጅ፣ መብራት ለሚቆራረጥበትም በእጅ የሚሽከረከር እንኳ ቢሆን፣ እንዲያቀርቡ እጠይቃለሁ። ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ያልተጻፈበት ቅጽ ሲመጣም ላቦራቶሪው ናሙናውን ከመሥራቱ በፊት ደውሎ የመጠየቅ ግዴታ ይኑርበት፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ስልክና የተመደበ ሰው ነው።

በእኛ የናሙና መቀበያ መስኮት ላይ በእጄ የጻፍኩት «ደሙ መቼ ተቀዳ?» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያ ጤና ጣቢያ ሴንትሪፊውጅ እስካሁን አላገኘም፤ የፖታሲየም ምርመራ የታዘዘላቸው ታካሚዎቹ የሚኒባስ ሒሳብ እየከፈሉ ራሳቸው ይመጣሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ከሐዋሳ