ኢሜይል ተሰረዘ ብላችሁ ፓስወርዳችሁን ለማንም አትስጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«የጠፋ ኢሜይል እንመልሳለን» እያሉ ገንዘብና ፓስወርድ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። ፓስወርዳችሁን የተቀበለ ሰው ሊያደርግላችሁ የሚችለው እናንተው አካውንታችሁን ከፍታችሁ ማድረግ ከምትችሉት አይበልጥም። ከአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር (መልእክቶች ከሚቀመጡበት ዋና ኮምፒዩተር) ላይ የጠፋን መልእክት በውጭ ሆኖ የሚያወጣ ባለሙያ የለም። አንባቢዎቻችሁ ኪሳቸውን ከመዳበሳቸው በፊት የሚከተለውን ቢያውቁ ብለን ይህን ጻፍን።

መጀመሪያ መልእክቱ በእርግጥ መሰረዙ ይጣራ። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ባለው የጂሜይል አፕ መልእክትን በጣት ወደ ጎን መግፋት፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር፣ አርካይቭ ማድረግ እንጂ መሰረዝ አይደለም። መልእክቱ ከኢንቦክስ ይወጣል እንጂ «ኦል ሜይል» ውስጥ ያለ ቀን ገደብ ተቀምጦ ይቆያል። ጠፋ ተብሎ ከሚለቀስለት ደብዳቤ ብዙው የሚገኘው እዚያ ነው።

ኦል ሜይል ውስጥ ከሌለ ፍለጋ ነው። የጂሜይል ተራ ፍለጋ ስፓምን (አላስፈላጊ ተብሎ የተለየውን) እና ትራሽን (የተሰረዘው የሚጠራቀምበትን) አይነካም፤ «የለም» ብሎ ሲመልስ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ይህን ባለማወቅ ነው። ከመፈለጊያው ሳጥን በስተቀኝ ያለውን ምልክት ተጫኑ፤ ከሚከፈተው ቅጽ ግርጌ «ሜይል ኤንድ ስፓም ኤንድ ትራሽ» የሚለውን ምረጡ፤ የላኪውን አድራሻ አስገቡ። በቀን የምትፈልጉ ከሆነ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። ጥቅምት 1 ቀን 2017 የደረሳችሁ ደብዳቤ ኦክቶበር 11፣ 2024 ላይ ነው ያለው። በአማርኛ ቃል ስትፈልጉ ደግሞ ጂሜይል ቃሉን እንደተጻፈ ነው የሚያነጻጽረው፦ «ደብዳቤ» ብላችሁ «ደብዳቤው» ላይመጣ ይችላል። «ሥራ» ካልሆነ «ስራ»፣ «ዓመት» ካልሆነ «አመት» እያላችሁ ሞክሩ። ከቃል ይልቅ የላኪው አድራሻ አስተማማኝ ነው።

ትራሽ ውስጥ ካገኛችሁት ሥራው ቀላል ነው። ጂሜይልን በብራውዘር ክፈቱ፤ በግራ ካለው ዝርዝር «ሞር» የሚለውን ስትጫኑ ትራሽ ይታያል። መልእክቱ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ከላይ «ሙቭ ቱ» ብላችሁ ኢንቦክስን ምረጡ። አጠገቡ ያለውን «ዲሊት ፎሬቨር» እና «ኤምፕቲ ትራሽ ናው» የሚሉትን ግን አትንኩ። ጂሜይል አንድን ውይይት ጠቅልሎ ስለሚያሳይ፣ የመጨረሻዋን መልእክት ልሰርዝ ያለ ሰው የወራት ምልልሱን በሙሉ ሊሰርዝ ይችላል። አንዷን ብቻ ለመሰረዝ ውይይቱን ከፍቶ ከመልእክቷ ጎን ባሉት ሦስት ነጥቦች በኩል መሄድ ያስፈልጋል።

ወሳኙ ነገር ቀኑ ነው። ጂሜይል በትራሽ ያለውን ለ30 ቀናት ያቆያል፤ አውትሉክ ዶት ኮምም እንዲሁ 30። ያሁ ግን 7 ቀን ብቻ ነው። የድሮ ያሁ አካውንታቸውን እስከ ዛሬ የሚጠቀሙ ብዙ ስለሆኑ ይህችን ቁጥር አጥብቀን እንናገራለን። ያሁ ከትራሽም የጠፋውን እንዲመልስ በእርዳታ ገጹ ጥያቄ ይቀበላል፤ መልእክቱ የጠፋው ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ መሆን አለበት፤ ይመለሳል የሚል ዋስትናም አይሰጥም። አውትሉክ ሁለተኛ ዕድል አለው፦ በብራውዘር «ዲሊትድ አይተምስ» የሚለውን ፎልደር ክፈቱ፤ ከላይ «ሪከቨር አይተምስ» በሚለው በኩል ከዚያም የተሰረዙትን አይታችሁ «ሪስቶር» በሉ።

የግል ጂሜይል ትራሽ አንዴ ባዶ ከተደረገ ተጠቃሚው ራሱ የሚመልስበት መንገድ የለም። ይህ በብዛት የሚደርሰው ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት የማስቀመጫ ቦታ ሲሞላ ነው፤ ሰው ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ትራሹን ያጸዳል። ቦታውን ጂሜይል ከጉግል የፋይልና የፎቶ ማስቀመጫዎች ከድራይቭና ከፎቶስ ጋር ነው የሚጋራው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቪዲዮዎቻችሁን ቀንሱ እንጂ ደብዳቤን አትንኩ። የሥራ አካውንት የተለየ ነው። ጉግል ለመሥሪያ ቤቶች በሚያቀርበው ወርክስፔስ የመሥሪያ ቤቱ አካውንት አስተዳዳሪ ከትራሽ የጠፋውን በ25 ቀናት ውስጥ ሊመልስ ይችላል። የመሥሪያ ቤት ጉዳይ በሠራተኛ የግል ጂሜይል የሚያስኬዱ ቢሮዎች ይህን ዕድል ራሳቸው እየነፈጉ ነው፤ ቢያስቡበት ደስ ይለናል።

ደብዳቤው በሌላ መሣሪያ ላይ ቅጂ ሊኖረው ይችላል። ኢሜይሉ የተከፈተበት፣ ከተሰረዘ ወዲህ ግን ኢንተርኔት ያላገኘ አሮጌ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ካለ ከማብራታችሁ በፊት ዋይፋዩን ከምንጩ አጥፉ፤ ሲም ካርዱንም አውጡ። ኔትወርክ ካገኘ መሣሪያውን ከሰርቨሩ ጋር በሚያመሳስለው በአይማፕ አማካይነት ይስተካከልና መሰረዙን ወዲያው ይቀበላል። ኔትወርክ ሳይነካው ክፈቱትና ጽሑፉን ገልብጡ፤ ካልሆነም ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። ሌላው ላኪው ነው፤ የእሱ «ሴንት» ፎልደር በእናንተ መሰረዝ አይነካም። የጻፋችሁለት መልስ ካለም ከግርጌው የመጀመሪያው ጽሑፍ ሊኖር ይችላል፤ አባሪው ፋይል ግን ከመልስ ጋር ስለማይሄድ ላኪው ፎርዋርድ እንዲያደርግላችሁ ለምኑ።

ሳትሰርዙ የሚጠፋ ከሆነ ሰው ገብቶባችኋል ብላችሁ ተነሡ። በጂሜይል ሴቲንግ ውስጥ «ፊልተርስ» እና «ፎርዋርዲንግ» የሚሉትን እዩ፤ ከባንክ ወይም ከኤምባሲ የሚመጣውን ራሱ እንዲሰርዝ ወይም ለሌላ አድራሻ እንዲያስተላልፍ የተሠራ ትእዛዝ ካለ አጥፉት። ፓስወርድ መቀየር ብቻውን ትእዛዙን አያነሳም፤ ሁለቱንም አድርጉ። ከዚያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርድ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አብሩ፤ የማትጠቀሙበት የድሮ ስልክ ቁጥርም ከአካውንቱ ላይ ይነሣ። ጉግል አካውንታችሁን ሰብሮ በገባ ሰው እጅ ለተሰረዘ መልእክት የማመልከቻ ቅጽ አለው። ከእርዳታ ገጹ በነፃ የሚገኝ ነው፤ በቶሎ ሙሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ