«ቆይ፣ ማናት እሷ?»

ለአሳታሚው ድርጅት
ጉዳዩ፦ ሳይነገረን ስለተለወጠ የትርጉም ልብወለድ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። የፍቅር ልብወለድ ካገኘሁ እንቅልፍ የለኝም።

ባለፈው ወር ፒያሳ ካለ መጽሐፍ ሻጭ ያሳተማችሁትን ትርጉም በ450 ብር ገዛሁ። ጀርባው ላይ «ሙሉ ትርጉም» ይላል። እሁድ ቡና እየተፈላ ለእህቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት ገጽ 112 ላይ ቆምኩ። ሰውየው በሩን ከፍቶ ይገባል። ቀጥሎ «ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቧ ተቀመጠች» ይላል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። እህቴ «ቆይ፣ ማናት እሷ?» አለችኝ።

የነገረችኝ እንግሊዝኛውን ያነበበች ጓደኛዬ ናት። ታሪኩ የሁለት ሴቶች ፍቅር ነው። እናንተ አንዷን ወንድ አደረጋችኋት። አማርኛ ግን አይደብቅም፤ ስለ አንድ ሰው ሲተረክ ግሱ ወንድና ሴት ይለያል። አንድ ቦታ ስትረሱ ታወቀባችሁ።

ታሪኩም ተበላሸ። ሁለቱም ያላገቡ፣ ቤተሰቦቻቸውም የሚዋደዱ ናቸው። ታዲያ መጽሐፉን ሙሉ ለምን ይደበቃሉ? ሽማግሌ መላክ እያለ! ሳነብ ደራሲዋ አትችልም ብዬ ነበር። በደለኛው እሷ አይደለችም።

አንድ ምዕራፍ ደግሞ ጭራሽ የለም። ጓደኛዬ ተረከችልኝ። አንደኛዋ በማግስቱ ልትዳር ነው። ሌላዋ ፀጉሯን ታበጥርላታለች። አንድ ቃል አይነጋገሩም። ሠርታ ትጨርስና እንደገና ትፈታዋለች፣ ሌሊቱ እንዳያልቅ። እኔ የፍቅር ልብወለድ የማነበው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ያን ሁሉ መሳሳም ትታችሁ ይህን ቆረጣችሁ።

ሕጉን አውቃለሁ፣ ፍርሃታችሁም ይገባኛል። ከፈራችሁ መጽሐፉን አለመተርጎም ትችሉ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ሮም በታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብወለድ ውስጥ ጦቢያ የምትባለው ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች። ደራሲው ግን ለአንባቢው ነግሮታል፤ ሴት መሆኗን እያወቅን ነው የምንከተላት። እናንተ ልብሱን ያለበሳችኋት ከእኛ ደብቃችሁ ነው።

ገንዘቤ ይመለስልኝ። ያልተሸጡት ላይ «ሙሉ ትርጉም» የሚለው ይነሳ፣ ምን እንደተለወጠም ሽፋኑ ላይ ይጻፍ። ተርጓሚው በራሱ ፈቃድ ነው ወይስ ታዞ? እሱንም ንገሩኝ። መጽሐፉን ከደረሰኙ ጋር አስቀምጬዋለሁ፣ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ጎንደር