ድርቆሹ አይጉደልባቸው

ልጄ፣

ትናንት ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ጓደኛሽ ስትሄድ ጥንቸሏን፣ አይጥ ነክ የሆኑትን ሁለቱን ጊኒ ፒጎችና ሃምስተሩን ላንቺ መተዋ ደስ ብሎኛል። ደስታሽ ከድምፅሽ ይሰማ ነበር። ግን መሀል ላይ «ካሮት ገዝቼ ሞልቼላቸዋለሁ» ስትዪ ልቤ ድንግጥ አለ። ያኔውኑ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ቃሉ አልመጣልኝም። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልሽ።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አንዲት ግራጫ ጥንቸል ነበረችኝ። እኔ የምወደውን ሁሉ እሰጣት ነበር። ዳቦ፣ ብስኩት፣ ካሮት፣ ሙዝ። እየተስገበገበች ስትበላ ሳያት በደንብ የያዝኳት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ምግቧን ሳትነካ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት። «ደክሟት ነው» ብዬ ተውኳት። ማታም አልበላችም። በማግስቱ ሞተች። ምን ሆና ሊሆን እንደሚችል የገባኝ አድጌ ስለ ጥንቸል ማንበብ ስጀምር ነው። አሁንም ትዝ ስትለኝ ያመኛል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ድርቆሽ። የጥንቸልም የጊኒ ፒግም ዋና ምግብ እሱ ነው። ከሚበሉት 80 በመቶው ያህል፣ ከዚያም በላይ፣ የደረቀ ሣር ይሁን። ቀንም ሌሊትም ከፊታቸው አይጥፋ። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል። የፊት ጥርሷ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የሚሞርደው ሣር ማኘክ ነው። ካላኘከች የመንጋጋ ጥርሷ እየሾለ ምላሷንና ጉንጯን ይወጋታል። ሲያማት ደግሞ መብላት ትተዋለች። አንጀቷም ያለ ሣር አይሠራም። ፋይበር ካላገኘ እንቅስቃሴው ይቀዘቅዛል፣ በጋዝ ይነፋል። ጥንቸል ደግሞ ማስመለስ አትችልም። የዋጠችው በመጣበት አይመለስም።

ድርቆሹን ስትገዢ አሽቺው። ሽታው የሣር ሽታ ይሁን፤ ሻጋታና አቧራ አይኑረው። ገለባ ለመኝታ ይሆናል እንጂ ድርቆሽን አይተካም። አልፋልፋ የሚባለው መኖ ለግልገሎችና ላረገዙት ጥሩ ነው። ላደጉት ግን አታዘውትሪው፤ ካልሲየሙ ብዙ ስለሆነ ፊኛቸው ውስጥ ጠጠር ሊያመጣ ይችላል።

እንክብል መኖውን ቆጥበሽ ስጪ። ለጥንቸሏ በኪሎ ክብደቷ 25 ግራም ገደማ በቀን ይበቃታል። ዘርና የደረቀ ፍራፍሬ የተቀላቀለበትን አትግዢ። ጣፋጩን ለቅማ የሚጠቅማትን ትተወዋለች። በየቀኑ አንድ ሁለት እፍኝ ታጥቦ የተራገፈ አረንጓዴ ቅጠል ጨምሪላት። አዲስ ቅጠል ሲሆን አንድ ዓይነት ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ ጀምሪ። በማግስቱ በጠጧ ካልለሰለሰ ትቀጥያለሽ። የካሮቱ ቅጠል ጥሩ ነው። ሥሩ ግን ስኳር ነው፤ በሳምንት አንድ ሁለቴ አንዲት ስስ ቁራጭ ትበቃለች። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ ቸኮሌትና የድንች ቅጠል አጠገባቸው አይድረስ።

«የራሷን በጠጥ ስትበላ አየኋት» ብለሽ ተጸይፈሽ ነበር። አትከልክያት። ጥንቸል ሁለት ዓይነት በጠጥ አላት። አንደኛው ወለሉ ላይ የምታገኚው ክብና ደረቅ ነው። ሌላው ለስላሳ ነው፤ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ። እሱን ከፊንጢጣዋ በቀጥታ ተቀብላ ትውጠዋለች። ፕሮቲንና ቢ ቫይታሚን አለበት። መጀመሪያ ያላወጣችውን ጥቅም በሁለተኛው ዙር ታወጣዋለች። ያ ለስላሳው ወለል ላይ ሳይበላ ተርፎ ካየሽ ግን ልብ በዪ። ምግቧ በዝቷል ወይ ጣፍጧል ማለት ነው። ወይ ደግሞ ወፍራ፣ ወይ አሟት ወደኋላ መታጠፍ አቅቷታል።

ጊኒ ፒጎቹ ድርቆሽ ላይ ከጥንቸሏ ጋር አንድ ናቸው። አንድ ነገር ላይ ግን ይለያሉ፤ እንደ እኛው ሰውነታቸው ቫይታሚን ሲ አይሠራም። በየቀኑ ከምግብ ማግኘት አለባቸው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም። ካጡ መገጣጠሚያቸው ያብጣል፣ ድዳቸው ይደማል፣ ለመራመድ ይሰንፋሉ። የማያቃጥለው ትልቁ የፈረንጅ ቃሪያ ጥሩ ምንጭ ነው። ቫይታሚኑን ውሃ ውስጥ አትበጥብጪው፤ ቶሎ ይበላሻል። የጥንቸሏን እንክብልም አትስጫቸው፤ ቫይታሚን ሲ እንዲኖረው ታስቦ የተሠራ አይደለም። ቤታቸውም ለየብቻ ይሁን። ጥንቸል በአንድ ርግጫ ልትሰብራቸው ትችላለች። እሷን ሳያሳምም የሚኖርባት ባክቴሪያም እነሱን ሳንባቸውን ይይዛቸዋል።

ሃምስተሩ ሌላ ዓለም ነው። የእህል ዘር ይበላል፣ አልፎ አልፎም ትንሽ የተቀቀለ እንቁላል። ጉንጩ ውስጥ ሞልቶ ይወስድና ይቀብራል። ስለዚህ ሳህኑ ባዶ ሆነ ማለት በልቷል ማለት አይደለም፤ የደበቀውን ፈትሺ፣ የሚበሰብሰውን አውጪ። የሚያጣብቅ ነገር ጉንጩ ላይ ይቀርበታል። ቀን ይተኛል፤ አትቀስቅሺው። ብቻውን መኖር የሚፈልግ ፍጥረት ነው። አዝነሽለት ጓደኛ እንዳታመጪበት፤ እስከ ሞት ሊጣሉ ይችላሉ። ቤቱ በጣም ከቀዘቀዘ ድርቅ ብሎ የሞተ ሊመስል ይችላል። ያኔ ቀስ ብለሽ አሙቂው፣ ወደ ሐኪምም ደውዪ።

ጥንቸሏን በጆሮዋ አታንሺያት። ደረቷን በአንድ እጅ፣ መቀመጫዋን በሌላው ደግፊ። በድንጋጤ ስትራገጥ የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች። የሽቦ ወለል እግሯን ያቆስላል። ሽታው የሚያውድ የጥድ ሰጋቱራ መተንፈሻቸውን ይጎዳል፤ ወረቀት ይሻላል። ሙቀትም አይችሉም፤ ከ28 ዲግሪ ካለፈ ጥላና ቀዝቃዛ ወለል ፈልጊላቸው።

አሁን ወደ ግራጫዋ ልመልስሽ። እነዚህ እንስሳት በዱር የሚታደኑ ናቸው። ድካሙ የታየበት ቀድሞ ስለሚበላ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ሲያማቸው ብዙ ጊዜ አያለቅሱም፣ አይጮሁም። አንቺ ጠዋት ጠዋት ሁለት ነገር እዪ፦ ድርቆሹ ቀንሷል? ወለሉ ላይ በጠጥ አለ? በጠጡ ካነሰ፣ ከደቀቀ ወይም ከጠፋ የሆነ ነገር አለ። ጥንቸሏ ወይም ጊኒ ፒጎቹ ለ12 ሰዓት ካልበሉ «ነገ አያታለሁ» አትበዪ። ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ፈልጊ። ያኔ አንድ ሰው ይህን ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

የተራረፈ አንቲባዮቲክ ቤት ውስጥ ካለ እንዳትሞክሪባቸው። አሞክሳሲሊን በአፍ ሲሰጣቸው የአንጀታቸውን ጥሩ ባክቴሪያ ጨርሶ እነሱንም ሊገድላቸው ይችላል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ጥንቸልንና አይጥ ነክ እንስሳትን የሚያውቅ ሐኪም አሁኑኑ፣ ሁሉም ጤነኛ ሳሉ፣ ፈልገሽ ስልኩን ያዢ። ሁሉም ሐኪም አያውቃቸውም።

የወጥ ቤት ሚዛን አለሽ አይደል? በየሳምንቱ አንድ ቀን መዝኛቸው፣ ደብተር ላይ ጻፊ። ዓይን የማያየውን ክሳት ሚዛን ቀድሞ ይናገራል። ቅዳሜ ጠዋት ይሁንልሽ። ስትጨርሺ የአራቱንም ቁጥር ላኪልኝ፤ እኔም ደብተር ገዝቻለሁ።

አባትሽ