እርከኑ ከመቆፈሩ በፊት ማፋሰሻው ይለይ

የተከበራችሁ የላይኛውና የታችኛው ቀበሌ የተፋሰስ አባላት፣

በጮቄ ተራራ ግርጌ ዝናብ ይበዛል። ዝንባሌ የሌለው እርከን ለቆላ ይበጃል እንጂ ለእኛ ውሃ ያቁራል፤ ስንዴው ቢጫ ይሆናል። እርከኑ በውሃ ሲሞላም የአፈር ክምሩ በደካማው በኩል ይበሳል፤ አንዱ ከተበሳ የታቹን ሁሉ ጠርጎ ይወርዳል።

ስለዚህ ቀያሾች፣ በ10 ሜትር ገመድ ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ስጡ። ከዚያ ካለፈ የእርከኑ ቦይ ራሱ ይሸረሸራል። የውሃ ልኩ ልክ ከገመዱ መሃል ይንጠልጠል፤ ገመዱ ስለሚረግብ ወደ ጎን ካደላ ልኩ ይሳሳታል። ቦዩ ወርዱም ጥልቀቱም 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አፈሩን ከአፋፉ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ካልከመራችሁ በመጀመሪያው ዶፍ ተመልሶ ይገባል።

አሁን ዋናው ነገር፦ የዘነበለው ቦይ ውሃውን የት ያፈስሰዋል? ወደ ታችኛው ቀበሌ ግጦሽ ነው። እዚያ በሣር የተሸፈነ ማፋሰሻ፣ ማለትም የውሃ መውረጃ፣ ካልጠበቀው በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል፤ ላይ የዳነው አፈር ታች ጠፋ ማለት ነው። ሣሩ ሥር እንዲይዝ ማፋሰሻው ከእርከኑ አንድ ክረምት ቀድሞ ይዘጋጅ፣ ከብትም አይግባበት። ቦረቦር ባለበት ውሃውን ለማብረድ የሚሠራው የድንጋይ ክትር መሃሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይበል፣ ጫፎቹም ግማሽ ሜትር ወደ ግድግዳው ይግቡ። አለዚያ ጎርፉ ዞሮ ጎኑን ይበላዋል።

የሁለቱም ቀበሌ ኮሚቴዎች ከጥምቀት በፊት መስመሩን አብራችሁ እየሄዳችሁ ችካል ትከሉ። የታችኞቹ ሳይስማሙ አንድም ቦይ አይከፈት።